ጠበቅና ላላን የለዩት ሰዎች

ማቲዎስ ገብሬ ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ ሰው ነው። አባቱ አቶ ገብሬ በዘመናቸው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው በታይፕ አቤቱታ ይጽፉ ነበር። እሱም ሙያውን ከሳቸው ወረሰ ማለት ይቻላል፤ ጃንጥላው በቆርቆሮ ቤት፣ ታይፑም በኮምፒውተር ተተካ እንጂ። ኮሌጅ አልገባም። አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የሸጣቸውን አሮጌ ኮምፒውተሮች ገዝቶ እየፈታና እየገጠመ፣ ያልገባውን እንግሊዝኛ በመዝገበ ቃላት እያገላበጠ፣ ፕሮግራም መጻፍን ለብቻው ተማረ። ደረጃው የት እንደሆነ የሚነግረው ሰው አጠገቡ ስላልነበረ፣ ከሁሉም በታች ነኝ ብሎ ደመደመ። ዛሬ አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ አሁንም የጻፈውን ኮድ ሌላ ሰው ሲያይበት ራቁቱን የቆመ ይመስለዋል። ያ ሁሉ ነገር የመጣው በዚህች እፍረት ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር የሆኑት አብዱልቃዲር፣ በነጭ በትራቸው የባጃጅ ጎማና የቦይ ጠርዝ እየዳሰሱ ወደ ሱቁ ገቡ። የመሰላ ሰው ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይናቸው አያይም።

"አሰላሙ አለይኩም። ማቲዎስ የሚባለው አንተ ነህ?"

"ነኝ መምህር፣ ይግቡ። ወንበሩ በቀኝዎ በኩል ነው።"

መምህሩ ተቀምጠው ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። "ያነብልሃል ብለው ሸጡልኝ። እንግሊዝኛ ሲሆን እንደ ጎርፍ ይወርዳል። አማርኛ ሲሆን ጭጭ። እስቲ ጉሮሮው ላይ ምን እንደተሰነቀረ እይልኝ።"

ማቲዎስ ሳቀ። ሁለት ቀን ፈልጎ በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሠሩትን አንድ የንባብ ፕሮግራም አገኘ። ነፃ ሶፍትዌር የሚሉት ዓይነት ነበር፤ ኮዱን ማንም ከፍቶ እንዲያየው፣ እንዲያሻሽለው፣ ለሌላም እንዲያካፍለው ተፈቅዷል። ግዴታው አንድ ብቻ ነው፦ አሻሽለህ ስታካፍል አንተም ክፍት አድርገህ ስጥ። አማርኛም ትንሽ ትንሽ ይሞክራል። ስልኩ ላይ ጫነውና ከአንድ የቆየ ጋዜጣ ላይ አስነበባቸው። መምህሩ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙና ከት ብለው ሳቁ።

"ምን አለ ሰማኸው? 'የገና በዓል ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል' የሚለውን ሁለቱንም ገና አንድ አደረጋቸው። ቆይ፣ 'ዶሮው ይበላል' ብለህ ጻፍበት።"

ጻፈበት። ፕሮግራሙ አነበበ።

"ዶሮው በላ ወይስ ተበላ? እኔ እንጃ! እንዲህ የሚያነብ ተማሪ ቢሆን ኖሮ አስቀምጠው ነበር።"

ችግሩ ከፊደሉ ነው። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው አይለይም፤ ሰው ግን ሲያነብ ከዐረፍተ ነገሩ ተነስቶ ያውቀዋል። ማሽኑ አያውቅም። ማቲዎስ ይህን ለማስተካከል ሦስት ወር ታገለ፤ ቃላት ሰበሰበ፣ ዘረዘረ፣ ጣለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህሩ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ምርር ብሎት "አይሆንም መምህር፤ አማርኛ ሲጻፍ ራሱ ይደብቃል" አላቸው።

አብዱልቃዲር ትንሽ አሰቡና፣ "እኛ አንደብቅም" አሉ። "አፋን ኦሮሞ በምንጽፍበት በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ የሚጠብቀው ሁለቴ ነው የሚጻፈው። 'በዳ' ብለህ ደጋ ማለትህ ከሆነ ዲ ፊደልን ሁለት ታደርጋለህ፤ መጥፎ ማለትህ ከሆነ አንድ። ታዲያ ማሽንህ አማርኛውን ከማንበቡ በፊት በሆዱ እንደ ቁቤ አድርጎ ለምን አይገለብጠውም? ገልብጦ ያየውን ነው ከዚያ የሚያነበው።"

ማቲዎስ ወዲያው ከወንበሩ ተነሳ፤ ለምን እንደተነሳ አላወቀም፣ መልሶ ተቀመጠ። መፍትሔው እሱ ነበር። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን የአማርኛ ቃል መጀመሪያ በላቲን ፊደል ይገለብጠዋል፤ ጎረቤት ቃላቱን አይቶ የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ያደርገዋል፤ ድምፅ የሚያወጣው ከዚያ ነው። ለፋሲካ ሲደርሱ ፕሮግራሙ እህል የሚበላውን ዶሮና ሰው የሚበላውን ዶሮ ይለይ ነበር።

የቀረው ድምፁ ነው። የድሮው ድምፅ ቆርቆሮ ውስጥ እንደገባ ሰው ነበር። መምህሩ ባለቤታቸውን ሀሊማን አመጡ። አዴ ሀሊማ (አዴ በአፋን ኦሮሞ ወይዘሮ ማለት ነው) አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው የቤት እመቤት የሆኑ ሴት ናቸው፤ አማርኛውንም አፋን ኦሮሞውንም አጥርተው ያነባሉ። የባላቸውን ተማሪዎች የፈተና ወረቀት እያነበቡ ማርክ ሲያስሰጡ የኖሩት እሳቸው ነበሩ። መጀመሪያ ግን እሺ አላሉም።

"ድምፄ የትም እንዲዞር አልፈልግም" አሉ መሐረባቸውን ወደ አገጫቸው እየሳቡ። "ሴት ልጅ ድምፅዋን ገበያ ለገበያ አታዞርም።"

"የትም አይዞርም አዴ" አላቸው ማቲዎስ። "ዓይናቸው ለማያይ ሰዎች ብቻ ነው። ሌላ ሥራ ላይ አይውልም፤ እኔ አለሁ።"

"ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ያህል አዴ ሀሊማ በሳምንት ሦስት ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ይመጡ ነበር። ማቲዎስ የሱቁን ጓዳ በብርድ ልብስ ሸፍኖ ማይክራፎን ሰቀለ። ጫት የጫኑት አይሱዙዎች ጥሩምባቸውን እየነፉ ሲያልፉ ቆም ይላሉ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ይደግሙታል። ሲሳሳቱ "አስተግፊሩላህ" ብለው ይስቃሉ፤ ሳቁም አብሮ ይቀዳል። ከሦስት ሺህ በላይ ዓረፍተ ነገር በሁለቱም ቋንቋ አነበቡ። ክፍያ አልጠየቁም። "ወላሂ፣ ከፈተና ወረቀት ከገላገልከኝ ምን እፈልጋለሁ" ነበር ያሉት።

ፕሮግራሙ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ መምህሩ ስልክ ላይ፣ ከዚያ በትምህርት ቤቱ ዓይናቸው የማያይ ተማሪዎች ስልክ ላይ፣ ከዚያ በአፍ በአፍ ከቦኬም ከመሰላም ሰው እየመጣ ያስጭን ጀመር። ከነዚህ ውስጥ ሳጂዳ የምትባል የቦኬ ልጅ ነበረች፤ ስትማር የኖረችው ጓደኛ ሲያነብላት እያዳመጠች ነው። ፕሮግራሙን ከጫነላት በኋላ በሳምንት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጨርሳ መጣችና "ጋሼ፣ ሰው ሳልለምን አነበብኩ" አለችው። ማቲዎስ ስልኳን ወስዶ ሳያስፈልግ መስታወቱን ጠረገላት።

በዚህ ጊዜ ነው ከኢያኤል ጋር የተዋወቀው። ኢያኤል አዲስ አበባ የሚኖር፣ ነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞችን በቴሌግራም የሚያሰባስብ ወጣት ነው። ስለ ጭሮው አንባቢ ሰምቶ ደወለ።

"ማቲ ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ሀገር ይፈልገዋል። ኮዱን ከነፈቃዱ አውጣው።"

"አወጣዋለሁ፤ ትንሽ ላጽዳው።"

"ቤትህን እስክትጠርግ እንግዳ አትጥራ ያለህ የለም። እኛ መጥተን አብረንህ እንጠርጋለን።"

"እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። የኔን ብታዩት ትስቃላችሁ።"

"ስማኝ። ቀን ያለበት ነገር አደባባይ ላይ ከሌለህ፣ ነገ አንድ ኩባንያ ይሄን ዘዴ እኔ ፈለሰፍኩት ብሎ ያስመዘግበዋል። ፓተንት ይሉታል። ያኔ በገዛ ዘዴህ ለመሥራት ፈቃድ ትጠይቃለህ። ቀድመህ ካወጣኸው ግን ማንም የኔ ሊለው አይችልም።"

ማቲዎስ ነገሩ ገብቶታል። የፈቃዱን ጽሑፍ አውርዶ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጦት ነበር፤ ከኮዱ ጋር አያይዞ መልቀቅ ብቻ ነው የቀረው። የግማሽ ሰዓት ሥራ። ነገር ግን ኮዱን በከፈተ ቁጥር የሚያሳፍር ነገር ያገኝበታል። እዚህ ጋ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተቀላቀለ ስም፣ እዚያ ደግሞ ሦስት ጊዜ የተደጋገመ መስመር። ከጥምቀት በኋላ ይላል፤ ከፋሲካ በኋላ ይላል፤ ክረምት ሲገባ ይላል። እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት አለፈ። ኢያኤል መወትወቱን አልተወም፤ ማቲዎስም "ትንሽ ላጽዳው" ማለቱን አልተወም።

በ2014 ዓ.ም. ጥር ላይ አንዲት ነጭ መኪና ሱቁ ፊት ቆመች። ሙሉ የምትባል ዘንጣ የለበሰች ሴት ወረደች፤ ሁለት መሐንዲሶች ተከተሏት። ከአንድ ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ የመጡ ናቸው። ኩባንያው የስልክ መልስ ሰጪ ድምፅ፣ የባንክ ፕሮግራም፣ የማስታወቂያ አገልግሎት ሁሉ በእጁ ነው ይባላል፤ ትናንሽ ተፎካካሪ ሲያገኝም ይገዛል።

"አቶ ማቲዎስ፣ ይህን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ጭሮ ላይ ሆኖ ሠራው ቢሉኝ አላምንም ነበር" አለች ሙሉ።

ከመሐንዲሶቹ አንዱ ኮዱን አየና ፉጨት አሰማ። "ይሄን የመገልበጫ ሐሳብ ማን አስተማረህ?"

ማቲዎስ "ማንም" አለ።

ያን ቃል ሲናገር መምህር አብዱልቃዲር ትዝ ብለውታል። ትዝ ብለውት ነው የተናገረው። ለዓመታት ይስቁብኛል ብሎ የፈራውን ነገር፣ ሹራብ የደረበ የአዲስ አበባ መሐንዲስ ጎንበስ ብሎ እያደነቀለት ነበር፤ ያቺን ደቂቃ ከማንም ጋር ሊካፈላት አልፈለገም።

ውሉ አሥራ አራት ገጽ እንግሊዝኛ ነበር። ዋና አማካሪ ይባላል። ገንዘብም ይሰጠዋል፤ ስንት እንደሆነ ዛሬ መናገር አይወድም፣ ጥሩ ፎቶ ኮፒ ማሽን ገዝቶበታል። ባለቤቱ እየሩስ ወረቀቱን አገላብጣ "አንብበኸዋል?" አለችው።

"አይቼዋለሁ።"

"ያየኸውንማ እኔም አየሁት። አንብበኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።"

ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ አጠፈው። ለኢያኤል ግን ደወለ።

"አትፈርም" አለው ኢያኤል። "እለምንሃለሁ፣ ዛሬውኑ ኮዱን ልቀቀውና ከዚያ ከፈለግህ ፈርም።"

"እናንተ ሦስት ዓመት ሙሉ ልቀቅ ልቀቅ ከማለት ሌላ ምን ሰጣችሁኝ?" አለው ማቲዎስ። "እነሱ ስሜን ካርድ ላይ አትመውልኛል።"

ማቲዎስ በሕይወቱ ከተናገራቸው ቃላት መልሶ ሊውጣቸው ከሚፈልጋቸው አንዱ ይሄ ነው።

ፊርማው ላይ ሲደርሱ ሙሉ እስክሪብቶዋን ቀና አድርጋ "ድምፁ የማን ነው?" አለች።

"አብረን የሠራን አንዲት እመቤት ናቸው።"

"ፈቃድ ሰጥተዋል?"

"ሰጥተውኛል።"

"የተፈረመ ነገር አለ?"

"በቃል ነው።"

"እንግዲያው የቀረጻው ባለቤት እርስዎ ነዎት ማለት ነው። እዚህ ጋ ይፈርሙ።"

ፈረመ። ለአዴ ሀሊማ እነግራቸዋለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ፤ በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሲረጋጋ። ኩባንያው ያለውን ቅጂ ሁሉ አስረክቦ እንዲያጠፋ ጠየቀው። ማቲዎስ ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው። ከኮምፒውተሩ አጠፋ፣ ከሁለቱ ዲስኮች አጠፋ፣ መሳቢያ ውስጥ የነበረችውን ፍላሽ ሳይቀር አውጥቶ ባዶ አደረጋት። አዴ ሀሊማ ሲሳሳቱ የሳቁትም አብሮ ጠፋ። ፕሮግራሙ በየወሩ የቃላት ዝርዝሩን የሚያወርድበትን የኢንተርኔት አድራሻም አስረከበ።

ለጥቂት ወራት ምንም አልተለወጠም። ዋና አማካሪውን ማንም አላማከረውም። መምህር አብዱልቃዲር በዚያ ዓመት እናታቸውን ሊያስታምሙ ወደ መሰላ ተዛውረው ሄዱ፤ ማቲዎስም ስለ ውሉ ሳይነግራቸው ሸኛቸው።

በ2015 ጥቅምት ላይ ሳጂዳ ወደ ሱቁ መጣች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች።

"ጋሼ፣ ስልኬ ዝም አለ።"

ተቀበላትና አየው። ፕሮግራሙ እሱ ባስረከበው አድራሻ በኩል ተዘግቶ በምትኩ አንድ ጽሑፍ ወጥቷል፦ አዲሱን አገልግሎት ለማግኘት ዓመታዊ ክፍያ ይፈጽሙ፣ በኢንተርኔት ይመዝገቡ ይላል። ጽሑፉን የሚያነብላት ደግሞ የለም፤ አንባቢው ነው የተዘጋው።

"ምን ይላል?"

"... ክፈሉ ይላል።"

"ለማን?"

ማቲዎስ ለማን እንደሆነ ነገራት። ለምን እንደሆነ ሊነግራት አልቻለም። በዚያ ሳምንት አሥራ ሁለት ሰዎች መጡ፤ አንዱ ከቦኬ ድረስ ሁለት መኪና ቀይሮ ነው የመጣው። ትምህርት ቤቱ ለኩባንያው ደብዳቤ ጻፈ፤ ኩባንያው ዋጋውን ላከ፤ ትምህርት ቤቱ በጀት የለኝም አለ። ሳጂዳ ዓመቱን እንደ ድሮዋ ጓደኛ እየለመነች ተማረች። ፈተናውን አላለፈችም። በዚህ ምክንያት ነው ብሎ መናገር ለማንም አይቻልም፤ ስንት ሺህ ዓይናማ ተማሪም በዚያ ዓመት ወድቋል። ማቲዎስ ግን ይላል።

ከዚያ ሌላው መጣ። ቀኑ ሰኞ ነበር። አንዲት ደንበኛ ወረቀት እያስነሳች ስልኳ ጠራ፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ አነሳችው።

"እንኳን ደስ ያለዎት! ዛሬ ዕድለኛው እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ። ለመወራረድ አንድን ይጫኑ።"

ድምፁ የአዴ ሀሊማ ነበር። "ዕድለኛው" ሲል እንኳ የሚጠብቀውን በትክክል አጥብቆታል። ደንበኛዋ "እነዚህ የቁማር ማስታወቂያዎች አሰለቹን" ብላ ዘጋችው። ማቲዎስ ፎቶ ኮፒውን ማስቆም ረስቶ ወረቀቱ መሬት ላይ እየወረደ ተከመረ።

በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ መሰላ ሄደ። ሚኒባሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ የሚለውን እያዘጋጀ ነበር፤ ሲደርስ ሁሉም ጠፋው። መምህሩ ከትምህርት ቤት አልተመለሱም። አዴ ሀሊማ በሩን ከፍተው ቆሙ፤ ግባ አላሉትም፣ ተመለስም አላሉትም።

"ሰምተዋል እንዴ አዴ?"

"መሰላ ሁሉ ሰምቷል" አሉ። "የጎረቤት ልጆች ሳልፍ 'አንድን ይጫኑ' ይሉኛል። የባሌ ወንድም መጥቶ ለቁማር ስንት ከፈሉሽ አለኝ። ቁማር ሐራም ነው፤ እኔ በሕይወቴ የዕድል ትኬት እንኳ በእጄ ይዤ አላውቅም።"

"እኔ እኮ ለዚህ አልነበረም..."

"ለማያዩ ሰዎች ነው ብለኸኝ ነበር።"

"ብዬ ነበር።"

"ማን ነው የሸጠው?"

እዚህ ጋ መዋሸት ይችል ነበር፤ ሰረቁኝ ማለት ይችል ነበር፣ ግማሹም እውነት በሆነ። "እኔ ነኝ የፈረምኩት" አለ።

አዴ ሀሊማ መሐረባቸውን እንደ ድሮው ወደ አገጫቸው ሳቡ። ቢጮሁበት ይሻለው ነበር።

"ሰው ገንዘቡን ይመልሳል፣ ከብቱን ይመልሳል" አሉ በመጨረሻ። "ድምፄን እንዴት አድርጌ ነው የምመልሰው ማቲዎስ? ማሎ፣ እባክህ ንገረኝ።"

መምህሩ ሲመጡም እዚያው ደጅ ላይ ቆሞ አገኙት። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው፤ "ማንም አላስተማረኝም" ያለውንም ሳይደብቅ። አብዱልቃዲር በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው ሰሙት።

"ስሜን ብትጠራ ምን ይቀነስብህ ነበር?" ብቻ ነው ያሉት።

ማቲዎስ ወደ ጭሮ ተመልሶ ያልሞከረው የለም። የሙሉን ስልክ ደወለ፤ ኩባንያውን ለቃለች። ሌላ ሰው በእንግሊዝኛ ኢሜይል መለሰለት፤ ቀረጻው በውሉ መሠረት የኩባንያው ንብረት ነው፣ የበጎ ፈቃደኞቹን ነፃ ኮድም በራሳችን ተክተነዋል ይላል። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ጻፈ። የሰው አቤቱታ ሲጽፍ የኖረ እጅ ነው፤ የራሱን ግን ሰባት ጊዜ ጀምሮ ቀደደው። በመጨረሻ የላከው ደብዳቤ ደርሶናል የሚል ማኅተም ብቻ ይዞ ተመለሰ።

እያፈረም ቢሆን ለኢያኤል ደወለ። ኢያኤል ቂም የሚይዝ ልጅ አይደለም። ነገሩን ሰምቶ "የቀረህ ቅጂ የለም? አንዲት ፍላሽ እንኳ?" አለው።

"አጥፍቻለሁ። ቃል ገብቼ ነበር።"

"ለነሱ የገባኸውን ቃል ነው ያስታወስከው?" አለ ኢያኤል፤ ወዲያው ደግሞ "ይቅርታ፣ እንደዚያ ማለቴ አልነበረም" አለ። ብሎት ነበር ግን፤ እውነትም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጨመረ፦ "እውነቱን ልንገርህ፤ በነፃ ፈቃድ አውጥተኸው ቢሆንም ኖሮ አንድ ቀማኛ ለቁማር ሊጠቀምበት ይችል ነበር። ፈቃድ ሁሉን ክፉ አይከለክልም። ግን የናንተ አንባቢ ከናንተ እጅ አይወጣም ነበር። የሳጂዳ ስልክ ዝም አይልም ነበር።"

ከጥቂት ወራት በኋላ ኢያኤል አንድ ሰነድ ላከለት። ኩባንያው ዘዴውን በውጭ ሀገር ፓተንት አድርጎ ለማስመዝገብ ያቀረበው ማመልከቻ ነው። ፈልሳፊዎች በሚለው ቦታ የሦስት መሐንዲሶች ስም ተጽፏል። ማቲዎስ በመዝገበ ቃላት ታግዞ ገጽ በገጽ አነበበው፤ ያን ጊዜ ውሉን ማንበብ የነበረበትን ያህል። አማርኛውን ወደ ላቲን ፊደል መገልበጥ፣ የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ማድረግ፣ ጎረቤት ቃላትን ማየት፣ ሁሉም አለ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ምሳሌ ተሰጥቷል፦ ዶሮው ይበላል።

የኢያኤል ቡድን ያንኑ ዘዴ ተጠቅሞ የራሱን አንባቢ ሠርቶ አውጥቶ ነበር፤ የኩባንያው ጠበቆች ለመተግበሪያ ማከፋፈያው ጻፉና በሳምንቱ ከዚያ እንዲነሳ ተደረገ። ዘዴው ከማመልከቻው በፊት ጭሮ ውስጥ ይሠራበት እንደነበር የሚያሳይ፣ ቀን ያለበት፣ አደባባይ የወጣ ነገር ተፈለገ። የለም። ተማሪዎቹ ስልክ ላይ የነበረው ተዘግቷል፤ የማቲዎስ ዲስኮች ባዶ ናቸው። ለዓመታት ሊያጸዳው ሲል ያላወጣው ኮድ፣ በመጨረሻ እንዲህ ጸድቶ ቀረ።

ልጆቹ ተስፋ አልቆረጡም። ከመገልበጡ ዘዴ ርቀው፣ ቃላትን አንድ በአንድ እየመዘገቡ፣ ዝግ ያለ ግን የራሳቸው የሆነ አዲስ አንባቢ ጀመሩ። ፈቃዱን መጀመሪያ ቀን ነው የለጠፉት። ድምፁን የሰጠችው የድሬዳዋ ልጅ ነች፤ ለምን እንደሚውልና እንደማይውል በጽሑፍ ተፈራርመውላታል። መምህር አብዱልቃዲርም ገብተውበታል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ስሕተቱን በስልክ ይነግሯቸዋል። ስማቸው ከሠሪዎቹ ዝርዝር ሁለተኛው ላይ ተጽፏል።

ማቲዎስ ግን መግባት አይችልም። ውሉ ለአምስት ዓመት ተመሳሳይ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክለዋል፤ እስከ 2019 ጥር። ተደብቆ ለመሥራትም ያሰበበት ጊዜ አለ። ኢያኤል ነው ያስቆመው። "እጅህ ከነካው፣ የኛ ኮድ ነው ብለው ሙሉውን ሊወስዱት ይችላሉ። ቅር አይበልህ ማቲ፣ አንድ መስመር እንኳ አትላክልን።" ቅር አለው። ግን ልጁ ትክክል ነው።

ባለፈው ግንቦት መምህሩ ለስብሰባ ጭሮ መጥተው ነበር። የስልካቸው ቻርጀር መሰኪያ ላልቶባቸው ወደ ሱቁ ጎራ አሉ። ይቅር ብለውት እንደሆነ ማቲዎስ አያውቅም፤ ጠይቆም አያውቅም። መሰኪያውን እየበየደ ሳለ እሳቸው አዲሱን አንባቢ ከፍተው ጋዜጣ ያዳምጡ ነበር። የድሬዳዋዋ ልጅ ድምፅ ጥርት ያለ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር መሃል ላይ ግን ተሰናከለች፤ "ዋና ከተማ" የሚለውን እንደ ወንዝ ዋና አነበበችው።

"እዚህ ጋ ሁልጊዜ ትወድቃለች" አሉ መምህሩ። "ልጆቹ ሦስት ጊዜ ሞከሩት። ምን ይመስልሃል?"

ማቲዎስ ምን እንደሆነ ያውቃል። ልጆቹ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ሳይሆን ቀድሞ ያለፈውን ብቻ እያዩ ነው። በሁለት ቃል ሊነግራቸው ይችላል፤ እሳቸው ዛሬ ማታ ደውለው ይነግሯቸዋል፣ ነገ ይስተካከላል። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ጠበቃ ይሄን ከየት አመጣችሁት ይላል።

"እኔ እንጃ መምህር" አለ ዓይኑን ከብየዳው ሳያነሳ።

ማቲዎስ ሲዋሽ ድምፁ እንደሚቀጥን አብዱልቃዲር ከድሮ ጀምሮ ያውቃሉ። ለምን እንደዋሸም ሳይገባቸው አልቀረም፤ ጋዜጣውን ዘግተው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

ስልኩን ሠርቶ ሰጣቸው። "አዴ ሀሊማ እንዴት ናቸው?" አለ፤ ሁልጊዜ ይጠይቃል።

"ደህና ናት፣ አልሃምዱሊላህ።"

ሌላ ጊዜም ከዚህ በላይ አይሉም። ባጃጅ ጠራላቸውና ለሹፌሩ የሚወርዱበትን ነገረው። ባጃጇ ዞራ እስክትሄድ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያ የጋብቻ ማስረጃ ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ ቆማ የምትጠብቀውን ሴት ወረቀት ተቀብሎ ገባ።